ዘጠኝ ቁጥር ውጣ!

በክልሉ የእግር ኳስ ሊግ ሦስት ዲቪዚዮን አለ። አንደኛው ሣር አለው። ሁለተኛው ሣር ባይኖረውም ሣር የሚያስተክል ኮሚቴ አለው። ሦስተኛው ያለው አቧራ ነው፤ እሱም ቢሆን ነፋስ ሲመጣ ጎረቤት ሰፈር ይሄድበታል። ከሦስተኛ ተወርዶ የሚገባበት ስለሌለ መጨረሻ የወጣ ቡድን ከሊጉ ይሰረዛል፤ የሚጫወትበትም ሜዳ ለሌላ ይሰጥበታል። “መርፌ” የሚባለው ቡድን እዚህ አቧራ ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ሳያድግም ሳይሰረዝም ኖሯል። ማደግ አልሆነለትም፤ መሰረዝን ግን እምቢ ብሏል።

ስሙን ያወጡለት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሰዎች ናቸው። መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ሱቁ ሁሉ ማሽን፣ ማሽኑ ሁሉ አፍ ያለው ይመስል ሲያወራ ይውላል። ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ በዚህ መንገድ አጋማሽ ላይ ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ማሽኑንም፣ መቀሱንም፣ የቡድኑን ማልያ የመስፋቱንም ነገር የወረሰችው ትልቋ ልጃቸው ናት። ሰፈሩ “ሰፊዋ” ይላታል። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ወፍራም ሴት ይጠብቃል፤ እሷ ግን በጎን ብትቆም ከበር መቃን የማትለይ ቀጭን ናት። ሰፊው ቁጣዋ ነው።

ታናሽ ወንድሟ መንገዱ ጫፍ ላይ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የመርፌ አምበልና የመሐል ተከላካይ ይሆናል። የሚለብሰው ስድስት ቁጥር ነው፤ አባቱ ይለብሱት የነበረ ነው።

ዘንድሮ አሮጌው ማልያ ከመታጠብ ብዛት አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ የሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ስለነበር የመንገዱ ሰው ተባብሮ ወይን ጠጅ ጨርቅ አመጣ። ሰፊዋ ቆረጠችው፣ ሰፋችው፤ የቀረው ጀርባው ላይ ነጭ ቁጥር መስፋት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር ሲሰፋ ማልያው ማሽኑ ላይ የሚተኛው አንገትጌው ወደ ሰፊው ዞሮ ነው። ስለዚህ ሰፊ ቁጥርን ተገልብጦ ነው የሚያየው። ሁለትም ተገልብጦ፣ አምስትም ተገልብጦ፣ ሰባትም ተገልብጦ። ቀና ብሎ ከታየው ጉድ ፈላ ማለት ነው። ሰፊዋ ይህን በልጅነቷ ከአባቷ ማሽን ሥር ቁጭ ብላ የለመደችው ነው። ስድስት ላይ ስትደርስ ግን ጎሚስታው በሩ ላይ ቆሞ፣ “እታለም፣ ደረሰ? አልደረሰም? ጨዋታው እኮ ነገ ነው!” እያለ ይነዘንዛት ነበር። እየመለሰችለት ጨርቁን አስቀመጠች፤ ዓይኗ ስድስት አየ፣ እግሯ ፔዳሉን ረገጠ፣ አለቀ። ሌላ ቁጥር ሲገለበጥ ይጮኻል። ስድስት ግን ሲገለበጥ አርፎ ዘጠኝ ይሆናል።

ስህተቱ የታወቀው ሜዳ ላይ ማልያ ሲታደል ነው። ጎሚስታውም ዘጠኝ፣ አጥቂው ዳቦ ጋጋሪም ዘጠኝ። ሰዉ ሳቀ። ሰፊዋ ፊቷ ደም መስሎ፣ “አውልቀው! አሁኑኑ ፈትቼ እሰፋዋለሁ!” ብላ መቀስ አወጣች፤ ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፋ። መርፌም ያን ቀን ሁለት ለባዶ አሸነፈ። የውድድር ዘመኑን በድል ከከፈተ ስንት ዓመቱ!

ከዚያ በኋላ ማን ያስነካታል? የመርፌ አሰልጣኝም በረኛም ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ “ያሸነፈ ማልያ አይነካም” ብሎ ፈረደ። እሱ ራሱ ከዚያ ድል ወዲህ ጢሙን መላጨት ትቶ፣ ደንበኞቹ “ራሱን ያላሳመረ እኛን ሊያሳምር ነው?” እያሉ ሸሽተውታል። ሰፊዋ “ስህተቱ የእኔ ነው፤ እኔ ላርመው” ብላ መቀሷን ይዛ ተመላለሰች። ጎሚስታው ግን ማልያውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ “እታለም፣ በአባታችን ይዤሻለሁ፣ አትንኪው!” ይላታል። ዳኞቹም ቢሆኑ ግድ አልነበራቸውም። የሦስተኛ ዲቪዚዮን ዳኛ ተጫዋች የሚያውቀው በሥራው ነው፤ “ጋጋሪው፣ ረጋ በል!” ይላል እንጂ ጀርባ አያነብም።

ከጡብ ፋብሪካ ቡድን ጋር የተጫወቱ ዕለት የመጣው ዳኛ ግን አዲስ ነበር። ጋጋሪውንም ጎሚስታውንም አያውቅም። የሚያውቀው ደንቡን፣ ካርዱንና እርሳሱን ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ጋጋሪው ተከራከረውና ቢጫ አሳየው፤ “ዘጠኝ” ብሎ ጻፈ። ከእረፍት በኋላ መርፌ አንድ ለባዶ እየመራ ሳለ መሐል ሜዳ ላይ ግርግር ሆነ፤ አቧራው ተነሣ። ከአቧራው ውስጥ አንድ ወይን ጠጅ የለበሰ ሰው የጡብ ፋብሪካን አጥቂ ከኋላ ጠልፎ ዘረረው። ዳኛው ጀርባውን አየ፤ ዘጠኝ። የጻፈውን አየ፤ ዘጠኝ። ቢጫ አወጣ፣ አስከትሎ ቀይ አወጣ።

“ዘጠኝ ቁጥር ውጣ!”

“እኔ?” አለ ጋጋሪው። “እኔ ምን በወጣኝ? እዚያ ማዶ ነበርኩ እኮ!”

“ዘጠኝ ቁጥር አይደለህም?”

“ነኝ፤ ግን . . .”

“ውጣ ብያለሁ!”

ጎሚስታው በዚህ ሁሉ መሐል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ሰፊዋ ከመስመሩ ዳር ሆና አየችው፤ ምን ያለ የረጋ ልጅ ነው ብላም ኮራችበት። ጋጋሪው እየተራገመ ወጣ። መርፌ በአሥር ሰው ተከላክሎ አሸነፈ፤ ሰፈሩም ጨፈረ። የጡብ ፋብሪካ ሰዎች ግን ሽንፈታቸውን እያኘኩ ሲሄዱ፣ ዘጠኝ ቁጥሩ ከወጣ በኋላም ሜዳው ላይ አንድ ዘጠኝ ቁጥር ሲሮጥ እንደነበር ትዝ አላቸው።

ክስ አስገቡ። ፌዴሬሽኑ ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ ቡድን ሁለት ዘጠኝ ማሰለፍ አይችልም፤ ጨዋታው በፎርፌ ለጡብ ፋብሪካ ተሰጥቷል፤ ከመርፌም ላይ ሦስት ነጥብ ተቀንሷል። ውሳኔው ሜዳው አጥር ላይ ተለጠፈ። ጋጋሪውም “እኔ አይደለሁም” ብሎ ቢምል ማንም ሳያምነው ታገደ።

ሰፊዋ የዚያኑ ዕለት ዘጠኙን ፈትታ ስድስት አደረገችው። ማን ሊያያት! “ገልባጭ” የሚለው ስም ማን አፍ ላይ እንደተወለደ አይታወቅም። ብቻ በሻይ ቤቱ ደጃፍ ስታልፍ አንድ ቀልደኛ፣ “መንገድ ልቀቁ፣ ገልባጭ መጣ!” አለ፤ አሸዋ የሚጭነውን መኪና ማለቱ ነው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ሕፃናቱ ባለፈች ቁጥር በአፋቸው ጥሩምባ ይነፋሉ። ደንበኛ ሱሪ ሲያመጣ፣ “አደራሽን፣ ኪሱ ጉልበቴ ላይ እንዳይሆን” ይላል። እሷም ትስቃለች፤ የጥርስ ሳቅ ነው። ውስጧ አሯል። “አትንኪው” ብለው መቀሷን የከለከሏት ሰዎች ሁሉ ዛሬ ጥፋቱን ለእሷ ጥለው ጥሩምባ ነፊ ሆነዋል።

ከሁሉ ያንገበገባት ግን የወንድሟ ነገር ነው። ምሳውን ይዞ እሷ ሱቅ ነበር የሚመጣው፤ ከማሽኑ ድምፅ ጋር እየተሻማ እየጮኸ ያወራ ነበር። ከውሳኔው ወዲህ በበሯ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል።

“ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር” አለች ለእናቷ። “ዝም ሲለኝ ነው የሚገድለኝ።”

እናቷ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው የሸሚዝ ቁልፍ ይተክሉ ነበር። “ወንድምሽ ከልጅነቱም እንዲህ ነው” አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። “ዝም ሲል ወይ ተቆጥቷል፣ ወይ አጥፍቷል።” የትኛው እንደሆነ ግን እሳቸውም አላወቁም።

ውድድሩ ቀጠለ። ስድስቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ድሉ ግን አልተመለሰም። አትክልት ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ጎመን ተደግፈው ሄደው፣ ጎል ተሸክመው ተመለሱ። አንድ ቀን የመኪናው ጎማ መንገድ ላይ ፈነዳ፤ ጎሚስታው ከሥር ገብቶ ሲታገል የአንደኛ ዲቪዚዮኑ ቡድን ባለ መጋረጃ አውቶቡስ በአጠገባቸው አለፈ። መጋረጃውን ገልጦ ያያቸው እንኳ አልነበረም። ጋጋሪው ከቅጣት ሲመለስ ኳስ ጠላችው። ፀጉር አስተካካዩም ተስፋ ቆርጦ ጢሙን ተላጨ። እንዲህ እንዲህ እያሉ የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ መርፌ ከሁሉ በታች ሆነ፤ ከላዩ ያለው ደግሞ በሁለት ነጥብ የሚበልጠው ጡብ ፋብሪካ ነው። የመጨረሻው ጨዋታም ከራሱ ከጡብ ፋብሪካ ጋር ነው። ካሸነፉ ይተርፋሉ። አቻ እንኳ ቢወጡ መርፌ የሚባል ቡድን ነበረ ይባላል።

የጡብ ፋብሪካ ሰዎች በዚህም አላረፉም። የመርፌ ስድስትና ዘጠኝ በእጅ የተሰፋ ስለሆነ ለመለየት ያስቸግራል፣ ማልያም ይለዋወጡበታል ብለው እንደገና አቤት አሉ። ሰፊዋ ይህን ስትሰማ የጀመረችውን ኮት ማሽኑ ላይ ጥላ ፌዴሬሽን ሄደች።

ቢሮው ከገበያው በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። ዋንጫ የታጨቀበት የመስታወት ቁም ሣጥን አለ፤ ቁልፉ ከጠፋ ስለቆየ ዋንጫዎቹ አቧራቸውን እንደለበሱ ናቸው። ጸሐፊው ማኅተም እየመታ፣ ቀና ሳይል ተቀበላት።

“ምን ፈለግሽ?”

“ስለ መርፌ ማልያ ነው የመጣሁት። ቁጥሩ ታርሟል፤ መጥተው ማየት ይችላሉ።”

“አንቺ ነሽ የሰፋሽው?” አሁን ቀና አለ። “አሃ! ገልባጭ የሚሉሽ አንቺ ነሻ!”

ማኅተሙን መምታቱን ቀጠለ።

“ስሚ፣ የእጅ ሥራ የምመረምርበት ጊዜ የለኝም። አንደኛ ዲቪዚዮን ካሉት አንዱ ቡድን አሮጌ ማልያውን ለደካማ ቡድን ብሎ ሰጥቷል። ቁጥሩ የታተመ ነው። ያውልሽ ከረጢቱ። ቅዳሜ እሱን ለብሳችሁ ግቡ።”

ከረጢቱን ከፈተችው። ሰማያዊ ማልያ ነው፤ ደረቱ ላይ የባለቤቱ ቡድን ስም በትልቁ ታትሟል።

“የሰው ስም ደረታችን ላይ ይዘን?”

“የራሳችሁን ቁጥር ጀርባችሁ ላይ መያዝ ላቃታችሁ፣ የደረታችሁ ምን አስጨነቃችሁ? ለነገሩ ዲቪዚዮኑም ቡድን በዝቶበታል። አንዱ ቢቀነስ አይከፋም።”

“የራሳችንን እንለብሳለን ብንልስ?”

“ቁጥሩ የማያሻማ ከሆነ ልበሱ። ዳኛውን ካሻማው ግን አትገቡም። በቃ።”

ደረጃውን በንዴት እየረገጠች ወረደች። አንዱ ቢቀነስ አይከፋም! አባቷ ከሥራ ሰዓታቸው እየሰረቁ ያቆሙት ቡድን፣ ሰፈሩ በየሳምንቱ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮህለት ቡድን፣ ለዚህ ሰውዬ ከጠረጴዛ ላይ እፍ የሚባል ፍርፋሪ ነው። ከረጢቱን ገበያው መሐል ጥላው ልትሄድ አስባ ነበር። ግን ቡድኑ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ተሸክማው ሄደች።

ከሥራ በኋላ ሱቋ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማሽኑ ላይ የተቀመጠ አለ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ የተቀመጠ አለ። ከረጢቱ መሐላቸው ነው።

“እንልበሰዋ” አለ ጎሚስታው፣ እሷን ሳያይ። “ጨርቅ ነው። ዋናው መትረፍ ነው።”

“ከተረፍን ማን ነው የተረፈው? መርፌ ነው ወይስ ያ ደረቱ ላይ የተጻፈው?”

“እታለም፣ አሁን የክብር ጊዜ ነው?”

“ታዲያ መቼ ነው? ከተሰረዝን በኋላ?”

ፀጉር አስተካካዩ ሊያስታርቅ ገባ። “ከስድስቱ ሥር አንድ መስመር ብታሰምሪበትስ? ይለያል እኮ።”

“እና ዕድሜ ልካችሁን ‘ይቺ ሴትዮ ገልብጣ ነበር’ የሚል ማስታወሻ ጀርባችሁ ላይ ይዛችሁ ልትዞሩ? አላሰምርም!”

ይሄኔ እናቲቱ ከቁልፋቸው ቀና አሉ። “ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት፣ አንዱን ግባ በሉት አለ አሉ” አሉ። “እናንተ ደግሞ አንድ ዘጠኝ ቢተርፋችሁ ዓለም ተገለበጠባችሁ።”

ሁሉም ሳቁ። ሰፊዋ ግን መቀሷን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እናቷ “ዘጠኝ” ሲሉ ሰማች። በጆሮ የሚሰማ ዘጠኝ መቼም ስድስት ሊሆን አይችልም።

“በሉ ውጡልኝ” አለች። “ሥራ አለብኝ። ከረጢቱንም ለጌታው መልሱለት።”

ነጩን ቁጥር ሁሉ ከየማልያው ፈታችው። በቦታው በፊደል ጻፈች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ አሥራ አንድ። ፊደል መቁረጥ ከቁጥር ይከብዳል፤ የ“ጠ” እግር ሦስት ነው፣ የ“ኝ” ጭንቅላት ከመርፌ ሥር ይሸሻል። አንድ ጥሩ ጠባይ ግን አለው፤ ሲገለበጥ ይጮኻል። “አሥራ አንድ” አልበቃ ብሎ አስቸገራት። አሥራ አንድ ቁጥሩ ፖስተኛ ቀጭን ነው፤ “አሥራ” ጀርባው ላይ ሲያልቅ “አንድ” ብብቱ ሥር ገባ። ይግባ አለች።

ቅዳሜ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተከበበ። ተጫዋቾቹ ማልያቸውን ሲቀበሉ ጀርባውን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ጎሚስታው “ስድስት” የሚለውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ዳኛው ያው ባለ እርሳሱ ነው። አሰልፎ ዞር በሉ አላቸው፣ ዞሩ። የጡብ ፋብሪካ ቡድን መሪ ከዳር ጮኸ።

“ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ማልያ ነው የሱቅ ማስታወቂያ?”

“ቁጥር ነው” አለች ሰፊዋ፣ መስመሩን አልፋ እየገባች።

“ደንቡ ቁጥር ነው የሚለው” አለ ዳኛው። “ይሄ ፊደል ነው።”

“‘ዘጠኝ ቁጥር ውጣ!’ ያልከው በምንህ ነው? በአፍህ አይደል? ያልከውን ነው የሰፋሁት። የማያሻማ አድርጉት ተባልን፤ ና እስቲ ይሄን ገልብጠህ ሌላ ነገር አንብብልኝ!”

ዳኛው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ ጥላ ሥር ካለው ወንበሩ ሊነሣ ሲል፣ ከሕዝቡ መሐል አንዱ የመጀመሪያውን ጀርባ ጮክ ብሎ አነበበ፤ “አንድ!” ሌላው ተቀበለው፤ “ሁለት!” ወዲያው የሜዳው ዙሪያ ሁሉ እንደ ትምህርት ቤት በአንድ ድምፅ ያነብ ጀመር። ፖስተኛው ጋ ሲደርሱ “አሥራ . . .” ብለው ቆሙ፤ እሱ እጁን ሲያነሣላቸው “አንድ!” ብለው ጨረሱት። ዳኛው ሳቁን መያዝ አቃተው።

“ከሩቅ ይነበባል” አለና ወደ ጸሐፊው ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ። “ለእኔም ይሻለኛል።” ፊሽካውን ነፋ።

ጡብ ፋብሪካ ቀድሞ አገባ። ከወዲያ ማዶ ያ የሻይ ቤት ቀልደኛ በአፉ ጥሩምባ ነፋ። ሰፊዋ ዞር ብላ አላየችውም። ከእረፍት በኋላ ጋጋሪው ኳስ ታረቀችውና አንዷን ከሩቅ ለቀቃት፤ አንድ እኩል። ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ ከማዕዘን የተመታች ኳስ የፖስተኛውን ጎን፣ ልክ “አንድ” የተሰፋበትን ቦታ መትታ ገባች። ፖስተኛው ራሱ ምን እንደተፈጠረ የገባው ከላዩ ላይ ሲቆለሉበት ነው።

“ገለበጥነው! ገለበጥነው!” ብሎ ሰፈሩ አበደ። ሰፊዋን ያቺ ስትሰማት የኖረች ቃል ሳታማት የቀረችው ያን ቀን ነው። እሷም አብራ ጮኸች።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጡብ ፋብሪካ ሙሉ ቡድኑን ይዞ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከጎሉ ወጥቶ ኳሷን ሳታት፤ የጎሉ አፍ በሰው ተሞላ፣ አቧራው ተነሣ፣ ኳሷ ወደ ባዶው ጎል ስትሄድ ከአቧራው ውስጥ አንድ እጅ ወጥታ መለሰቻት። ፊሽካው ተነፋ። ፍጹም ቅጣት ምት። ዳኛው ቀይ ካርዱን ይዞ ሮጠ፤ ግን ለማን ይስጠው? ያየው እጅ ነው፤ እጅ ላይ ደግሞ ምንም አይሰፋም።

“ማን ነው የነካው?” አለ።

የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ ጎሚስታውና ለመከላከል ወደ ኋላ የተመለሰው ጋጋሪ። የዳኛው ዓይን ጋጋሪው ላይ አረፈ። ጋጋሪው ፊቱ ዱቄት መሰለ፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር የታየው። ጎሚስታው ጎንበስ አለ። እጁ የጫማው ክር ላይ ደረሰ። ሰፊዋም ከዳር ሆና ያን ጉንበሳ ዳግመኛ አየችው፤ በዚህ ጊዜ ግን አልኮራችበትም።

ክሩን አልነካውም። ቀስ ብሎ ተነሣና ለዳኛው ጀርባውን ሰጠው።

“አንብበው” አለ።

“ስድስት” አለ ዳኛው።

“እኔ ነኝ የነካሁት።” ከዚያ ሜዳው ዙሪያ እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። “ያን ጊዜም እኔ ነበርኩ! ጋጋሪው አልነካውም፤ ጠልፌ የጣልኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሲባል ጋጋሪው ወጣልኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።”

ቀዩን ተቀብሎ ወጣ። የሦስተኛ ዲቪዚዮን ሜዳ መልበሻ ክፍል የለውም፤ የተባረረ ሰው መድረሻው የመስመሩ ዳር ነው፤ የመስመሩ ዳር ደግሞ እሷ ቆማለች።

“እታለም . . .” አለ።

“ዝም በል!” አለች። “ገልባጭ ሲሉኝ እየሰማህ? ሕፃናቱ ጥሩምባ ሲነፉብኝ በበሬ አንገትህን ደፍተህ እያለፍክ? እኔ ተቆጥቶኛል ብዬ ስቃጠል?”

“አፍሬ ነው። ዓይንሽን ማየት አቃተኝ።”

“አሁን አትናገረኝ። ጨዋታው ይለቅና ነው የምገልህ።” ግን ክንዱን ጨብጣ ያዘችው፤ ኳሷ ነጩ ነጥብ ላይ ተቀምጣ ነበርና ብቻዋን ማየት አልቻለችም።

ፀጉር አስተካካዩ በዚያ የውድድር ዘመን ፍጹም ቅጣት ምት መልሶ አያውቅም። ያን ቀንም አልመለሰም፤ በግራ ወደቀ። የጡብ ፋብሪካው መቺ ግን በኃይል ለቀቃትና ኳሷ ከአግዳሚው በላይ፣ ከአጥሩም በላይ አልፋ መንገድ ላይ ወረደች። ሦስተኛ ዲቪዚዮን ያለው ኳስ አንድ ነው። ሕዝቡ ኳሷን ሲፈልግ፣ የጡብ ፋብሪካ ሰዎች “ቶሎ በሉ!” እያሉ ሲያለቅሱ፣ የሰፊዎቹ መንገድ ሰዎች ደግሞ እያዩዋት “የለችም፣ አላየናትም” ሲሉ ዳኛው ሰዓቱን አየና ጨረሰው።

መርፌ አልተሰረዘም።

ጋጋሪው ሮጦ መጥቶ ጎሚስታውን መጀመሪያ በቡጢ መታው፣ ቀጥሎ አቀፈው። ሰፊዋም የድርሻዋን በነጠላ ጫማዋ ጀርባው ላይ አወረደችለት፤ ልክ “ስድስት” ላይ። ከዚያ ግንባሯን እዚያው ጀርባ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ተናድዳ ነበር፤ ደስም ብሏታል፤ የትኛው እንዳስለቀሳት ብትጠየቅ አታውቀውም። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ ቆመላት።

ሰዉ መበተን ሲጀምር የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ ወረቀቱን ይዞ፣ ኮሌታውን እያስተካከለ ብቅ አለ።

“ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ነው” አለ። “ከእንግዲህ የእያንዳንዱ ቡድን ማልያ ኃላፊ ስም መመዝገብ አለበት። ስምዎን ቢነግሩኝ?”

ጎሚስታው የእህቱን ስም ሊናገር አፉን ሲከፍት በክርኗ ጎሸመችው። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ያ የሻይ ቤት ቀልደኛም በቅርብ ቆሞ ነበር፤ እሱንም በደንብ አየችው።

“ገልባጭ በል” አለች ጸሐፊውን።

“ምን አሉኝ?”

“ገልባጭ። በፊደል ጻፈው።”